የማይሰበር ወንበር

በዚህ ዓለም ላይ ለሰው ማስረዳት የሚከብደው ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እንዲሰበር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው እላችኋለሁ። መተዳደሪያዬ ይኸው ነው። አስረዳለሁ፣ በሥዕል አሳያለሁ፣ በእጄ እያጠፍኩ አሳያለሁ፤ ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ስጨርስ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና "በጣም ጥሩ ነው፤ ግን እንዳይሰበር ማድረግ አይቻልም?" ይለኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የምነድፈው የአውሮፕላን ወንበር እግር ነው። ክንፍ ቢሆን ሰው ያደንቀኝ ነበር፣ ሞተር ቢሆን ይፈራኝ ነበር፤ እግር ነው። ነገሩ ደግሞ ቀላል ነው። ትንሽ አውሮፕላን በሆዱ መሬት ሲመታ ይዞት የመጣው ኃይል የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ወለሉ ካልተጨማደደ፣ የወንበሩ እግር ካልታጠፈ፣ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና የተቀመጠውን ሰው አከርካሪ ያገኘዋል። አከርካሪ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ስለዚህ የኔ እግር ስስ ቱቦ ነው፤ በልኩ ተበስቷል፤ አደጋው ሲመጣ እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ኃይሉን ይበላና ሰውየውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ከአጥር ላይ የዘለለ ሰው ጉልበቱን አጥፎ እንደሚያርፈው ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ምን ይቸግራል?

በመሥሪያ ቤታችን "ሰባሪዋ" ይሉኛል። ሻይ ልጠጣ ስገባ "ብርጭቆውን አንሱ፣ ሰባሪዋ መጣች!" ይባባላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ግን ሻዬን ወደ ጠረጴዛዬ ይዤ እሄዳለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ውስጥ፣ ከወንበራቸው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ባለፈው ክረምት ሜዳ ላይ የወደቀ የአምቡላንስ አውሮፕላን ነው። ሆዱ ተተርትሯል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ በሩ የት እንደደረሰ አይታወቅም። በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሐል አንድ ወንበር፣ ገና ዛሬ ከወርክሾፕ የወጣ ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኛ ወንበር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ይነሱና "ተመልከቱ፣ ጭረት እንኳ የለውም!" ይላሉ። እንግዳውም "አቤት ጥንካሬ!" ይላል። የተቀመጠበት ሰውስ የት አለ ብሎ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም። የተቀመጠበት ሰው ሐኪም ነበር። ዛሬ በሁለት እግሩ አይቆምም። ወንበሩ አልታጠፍም ስላለ እሱ ታጠፈ።

ያንን ወንበር የሠራው ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴ እዚያው መሥሪያ ቤት የላሜራ ክፍል አለቃ ነው፤ ብረት የሚቆረጠው፣ የሚታጠፈውና የሚገጣጠመው በእሱ እጅ ነው። ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም "ጋሼ አይበገሬ" ነው የሚለው። ከእጁ የወጣ ዕቃ አይበገርማ። የቤታችንን መደርደሪያ ለማንቀሳቀስ ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። የመታጠቢያ ቤታችን በር ማጠፊያ ለባንክ ካዝና ይበቃል። እናታችን በሕይወት ሳለች "ይሄ ሰውዬ፣ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ዕቃው ቆሞ ይቀራል" እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ሙገሳ ይመስለው ነበር።

ስለ ሐኪሙ አባቴ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ተጎድቷል ተብሎ ሰምቷል፣ አወዳደቁ ክፉ ነበር ተብሎ ተነግሮታል። ከዚያ አልፎ ሊነግረው የደፈረ የለም፤ እኔም፣ እህቴም ጭምር። በዚያ ፎቶ ይኮራል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ለጉዳይ ሲገባ አይኑን ወደ ግድግዳው ሰረቅ አድርጎ እንደሚወጣ ጸሐፊዋ ነግራኛለች። እንዲህ ላለው ሰው እንዴት አድርገህ ነው የምትነግረው?

እህቴ ሚጢጢ ነርስ ናት። ሚጢጢ የምንላት በቁመት ሁላችንን ከበለጠችን በኋላም አፋችን ስለለመደ ነው። የምትሠራው በአምቡላንስ አውሮፕላን ነው፤ መንገድ የማይደርስበት ቦታ ሄደው፣ ሜዳ ይሁን ጠጠር ባገኙት ላይ አርፈው፣ በሽተኛ ጭነው ይመለሳሉ። ሐኪሙ የሥራ ባልደረባዋ ነበር። በወደቀው ምትክ የተገዛው አውሮፕላን እኛው ሃንጋር ውስጥ ቆሞ ወንበር ይጠብቅ ነበር፤ ወይ የኔ የሚታጠፈው ይገጠምለታል፣ ወይ የቀድሞው የማይታጠፈው። የሐኪሙ በነበረው ቦታ ላይ የምትቀመጠው ሚጢጢ ናት። እንግዲህ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ገባችሁ።

የኔ ወንበር የሚሞከርበት ቀን፣ ከአውሮፕላን አካል የተቆረጠ፣ ወለሉና ወንበሩ ያለበት፣ እንደ በርሜል ክብ የሆነ ቁራጭ በክሬን ወደ መጣያ ማማው ጫፍ ተሳበ። ወንበሩ ላይ አጅሬ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። አጅሬ የምንለው የሰው ቁመትና ክብደት ያለው አሻንጉሊት ነው፤ ወገቡ ውስጥ ስንት ኃይል እንደደረሰበት የሚለካ መሣሪያ አለው። ሳይማረር የሚወድቅ እሱ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ቆብ አድርገው፣ የሽያጭ ክፍሉን ሰዎች አስከትለው መጡ። ወርክሾፑም ሥራ አቁሞ ወጣ። አባቴ ከሰዎቹ ኋላ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ነበር።

ተለቀቀ። ድምፁ ደረቴን መታኝ፣ አቧራው ተነሣ፣ ወለሉ እንደነደፍነው ተጨማደደ። አቧራው ሲገለጥ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩ አልታጠፈም። አንድም እጥፋት የለውም።

"ይኸው!" አሉ ሥራ አስኪያጁ እያጨበጨቡ። "ወንበር ማለት ይሄ ነው!"

የሽያጭ ክፍሉም አጨበጨበ። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ። የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከሰው ይልቅ ከመሣሪያ ጋር ማውራት የሚቀናት ሴትዮ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጠፍጣፋ ሆኖ መሄድ የነበረበት የአጅሬ ወገብ መስመር እንደ መርፌ ሾሎ ወጥቷል።

"አጅሬ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆሞ አይሄድም ነበር" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ ያንቺ እግር አልሠራም ማለት ነው" አሉ። "ወንበሩ ግን ግሩም ነው! እንዲያውም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሰው ይየው።"

"ለምን እንዳልታጠፈ ማወቅ አለብኝ። ይፍቀዱልኝና እግሩን ልቁረጠው።"

"ልትቆርጪው? አንድ ጭረት እንዳይነካው! ሰባሪዋ የሚሏት ወደው አይደለም ለካ" ብለው ሳቁ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ። የአለቃ ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል። ከዚያ ኮስተር አሉና "ለሙከራ የቀረው ሁለተኛው ቁራጭ የሚነካው ምክንያቱን ስታመጪልኝ ነው። ምክንያት ከሌለሽ አውሮፕላኑ በቀድሞው ወንበር ይወጣል። ሐሙስ ከሰዓት እፈርማለሁ" አሉኝ።

ቤት ስገባ አባቴ እያፏጨ ነበር። ሲያፏጭ ከሰማሁት ዘመን የለውም።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አለኝ።

"ምኑ ነው የሚያስደስተው? ወደቅን እኮ አባዬ።"

"እንዴት ነው የወደቃችሁት? ቆሟል! በዓይኔ ያየሁትን?"

"እንዲቆም አልነበረም የተሠራው።"

"እሺ" አለኝ እንደ ሕፃን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። "አንቺ ብቻ አትናደጂ። ሰው ፊት አልተዋረድሽም፤ ዋናው እሱ ነው።" ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለጠላቴም አልመኝም። ስሌቱን ከሀ ጀምሬ ሠራሁት፤ እግሩ መታጠፍ አለበት። በሌላ መንገድ ሠራሁት፤ መታጠፍ አለበት። ብረቱን ያመጣውን ሰው ጠየቅሁት፤ ብረቱ ያዘዝሽው ነው አለኝ፤ ናሙናውንም አምጥቶ እንደ ወረቀት አጥፎ አሳየኝ። ታዲያ ምንድን ነው? ጥርጣሬዬ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ፤ ምናልባት እኔ ነኝ የማላውቀው፣ ምናልባት ሁሉም ልክ ናቸው ማለት ጀመርኩ። ወንበሩ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ በየጠዋቱ እየተወለወለ፣ የሽያጭ ሰዎቹ እንግዳ እያስቀመጡበት ፎቶ ያነሱታል። ባለፍኩ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። አንድ ጠዋት ማንም ሳያይ እግሩን በጫማዬ ጫፍ መታሁት። ያመመኝ እኔን ነው።

ረቡዕ ማታ ሦስታችንም ለእራት ተቀመጥን። ሾርባውን የቀዳው አባቴ ነው። ሚጢጢ ስትመጣ ሁሌ የሚደርሳት ያቺ የምትንገዳገደዋ፣ ባለ ብረት እግሯ ወንበር ናት። ጫፏ ላይ ቁጢጥ አለች።

"ተደገፊው እንጂ! ምን ያስፈራሻል?" አላት።

"አባዬ፣ ይሄ ወንበር ባለፈው ሊገድለኝ ነበር እኮ።"

"አሁን ዝሆን ይቀመጥበት። እግሩ ባዶ ነበር፤ ውስጡ ሌላ ቱቦ ከተትኩለት። ልክክ ነው ያለው! ከውጭ አይታይም፤ የሠራው ሰው ካልነገረሽ በቀር አታውቂውም።"

ማንኪያዬ አፌ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

"አባዬ" አልኩት። "የኔንስ?"

"ያንቺን ምን?"

"የኔን ወንበር። ማማው ላይ የወጣውን። እግሩ ውስጥ ከተትክለት?"

አባቴ መዋሸት አይሆንለትም፤ ሊዋሽ ሲል ጆሮውን ያክካል። ጆሮውን አከከ። ከዚያ እጁን አወረደና አንገቱን ቀና አደረገ።

"የወርክሾፑ ልጆች ሲያሾፉ ሰማኋቸው" አለ። "'የሰባሪዋ ወንበር አለቆቹ ፊት እንደ ብስኩት ይደቅቃል' ይላሉ። ሄጄ ነካሁት፤ ስስ ነው። ጭራሽ በስተውታል። የኔ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ስትዋረድ እጄን አጣጥፌ ልይ? ከተትኩለት፤ አዎ። ቆመልሽ አይደል?"

ከወንበሬ መነሳቴን እንኳ አላወቅሁም። "ስስ የሆነው እኮ ሆን ተብሎ ነው! ቀዳዳው እንዲታጠፍ ነው! ስንት ጊዜ ነገርኩህ? እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀት እያጠፍኩ አላሳየሁህም?"

"አሳይተሽኛል።"

"ታዲያ?"

"አላመንኩሽማ" አለ አባቴ። በክፋት አይደለም የተናገረው፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። ለዚያ ነው የባሰ ያንገበገበኝ። መላው መሥሪያ ቤት ሲስቅብኝ ቢያንስ አንድ ሰው ቤቴ ውስጥ ይገባዋል ብዬ ነበር።

"ደግሞ" አለ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቆሞ የቀረ ዕቃ ሰው ጎዳ ሲባል የት ነው የተሰማው? ያንን ፎቶ አላየሽም? አውሮፕላኑ ድቅቅ ብሎ የኔ ወንበር..."

"አባዬ" አለች ሚጢጢ።

እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ጊዜም አላደረገችም። ማንኪያዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

"ሜዳው ላይ እኔ ነበርኩ። በሽተኛውን ይዤ እየጠበቅኋቸው ነበር። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ቀበቶውን የፈታሁለትም እኔ ነኝ። ወንበርህ ንቅንቅ አላለም። ደም የለም፣ ቁስል የለም፣ ቆቡ እንኳ ከራሱ አልወደቀም። 'እግሬ የት አለ?' አለኝ። እግሩ እዚያው ነበር፤ እጄን አስቀምጬበታለሁ። እጄ አልተሰማውም።"

አባቴ ያያት ጀመር።

"አወዳደቁ አይደለም የሰበረው አባዬ። አብራሪው በተቀደደ ግንባር ነው የወጣው፤ የሱ ወንበር እንደ አጋጣሚ ከነወለሉ ሰምጦ ነበር። ዶክተሩን የሰበረው ወንበሩ ነው። እንቢ ስላለ።"

አባቴ ተነሣ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፣ ጃኬቱን ሳይለብስ ወደ ውጭ ወጣ።

"ባልነግረው ይሻል ነበር?" አለችኝ ሚጢጢ።

"ሐሙስ ነገ ነው" አልኳት። የማውቀው መልስ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ አየነው። የበሩ መብራት ሥር፣ ደረጃው ላይ ቆሟል። ዝቅ ያለችው የመጨረሻዋ ደረጃ ናት፤ ልጅ እንኳ ሳያስባት የሚወርዳት። ጉልበቱን አጥፎ ዘለለ። ተመልሶ ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ወረደ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። እንደገና ሊወጣ ሲል ሮጬ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

"ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ" አለኝ። "ከአንዲት ደረጃ።"

"ግባ አባዬ፣ ይበርድሃል።"

"እሱ ከየት ነው የወደቀው?"

ይዤው ገባሁ፤ ነገሩን ነገ እኔ እንደምጨርሰው፣ ስሙን ሳላነሳ የአገጣጠም ስህተት ነበር እንደምል ነገርኩት። ጠዋት ስነሳ አልጋው ተነጥፎ እሱ ሄዷል።

መሥሪያ ቤት ስደርስ የእንግዳ መቀበያው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከውስጥ የብረት መጋዝ ድምፅ ይሰማል። ቀዩ ገመድ ወለሉ ላይ ተጥሏል። አባቴ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ተንበርክኮ፣ ያንን የተወለወለ ወንበር እግሩን ይገዘግዛል። እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ እየሮጡ ወጡ። "ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?"

"ሌባ እየያዝኩ ነው" አለ አባቴ ቀና ሳይል።

እግሩ ተቆረጠ። አባቴ አንስቶ አዘነበለው፣ በመዶሻ እጀታ ሁለቴ መታ አደረገው፤ ወፍራሙ የውስጥ ቱቦ ተንሸራቶ ወጣና ወለሉ ላይ እየጮኸ ተንከባለለ። ሥራ አስኪያጁ ጫማ ላይ ነው የቆመው።

"ይሄን የከተትኩት እኔ ነኝ" አለ። "ልጄ አታውቅም። እሷ የሠራችው ይሄን ነው" ብሎ ስሱን ቱቦ ዘረጋላቸው። "የሷ በትክክል ይታጠፍ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያስባልኩት። ምክንያት ፈልገው አልነበር? ይኸው ምክንያት።"

ሥራ አስኪያጁ ቱቦውን አላዩትም፤ የተቆረጠውን ወንበር ነው የሚያዩት። "ከሰዓት እንግዶች ነበሩኝ እኮ!" አሉ። እምላለሁ፣ ያሉት እሱን ነው። "ምን አሳያቸዋለሁ አሁን?"

አባቴ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። "እዚያ ቢሮዎ ያለውን ፎቶም ያውርዱት" አላቸው።

"የትኛውን ፎቶ?"

"የኔን ወንበር። ወይ የተቀመጠበትን ሰው አብረው ይስቀሉት፣ ወይ ያውርዱት።"

የሙከራ ክፍሏ ኃላፊ ከሰዎቹ መሐል ወጥታ ቱቦውን ከወለሉ አነሣችና ወደ እኔ ዞረች። "ሁለተኛውን ቁራጭ ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ" አለች፤ ማንንም ሳትጠይቅ። ሥራ አስኪያጁም ያ ሁሉ ሰው እያየ እንቢ ማለት አልቻሉም። ሐሙስ ከሰዓት አልፈረሙም።

ስለ ሁለተኛው ሙከራ ብዙ የማወራው የለኝም። ተለቀቀ፣ ወደቀ፣ አቧራው ተገለጠ። ወንበሩ እንደ ደከመው ሰው ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ተጨማደው እርስ በርስ ተደራርበዋል። አጅሬ አንገቱን ደፍቷል። መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ኃላፊዋ ስክሪኑን አዞረችልኝና፣ ካወቅኋት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለች። እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከደስታው ይልቅ ብስጭቱ ነው ያስለቀሰኝ። ሥራ አስኪያጁ ቀረብ ብለው የተጨማደደውን እግር ተመለከቱና "አስቀያሚ ነው" አሉ። "እሺ፣ ሙከራውን አልፏል። ግን ይሄን ለማን አሳያለሁ?" አሉ። ፎቶውም ከቢሯቸው ወርዶ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ።

አባቴን ሙከራ ላይ ያለ ዕቃ ነክቷል ብለው የወርክሾፑን ቁልፍ ተቀበሉት። ጡረታው እስኪደርስ ቤቱ ይቀመጥ ተባለ። ጥፋት የለበትም ብዬ አልከራከርም፤ አጥፍቷል። ግን በዚያ ፎቶ ስንት እንግዳ ያስተናገዱት ሰውዬ እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል። ልጆቹም ሰባሪዋ ማለታቸውን አልተዉም።

የኔ ወንበር የተገጠመለት አውሮፕላን ከመውጣቱ በፊት አባቴ ሚጢጢን ልሸኝ አለ። በር ላይ ጥበቃው፣ በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ ጋሼ" ሲለው የኖረው፣ "እንግዳ" የሚል ካርድ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ሲያጠልቅለት ዓይኑን አላየውም። አባቴም "በርታ" ብቻ ብሎት አለፈ።

እየተደገፈ ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ ገባ። ሚጢጢ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ቀበቶዋን አስራ ነበር። እሱ አላቀፋትም፤ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ጆሮውን ወንበሩ እግር ላይ አስጠጋና በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ። ወደሚቀጥለው እግር ሄደ፣ ኳ ኳ አደረገ። ይህን ልምዱን አውቀዋለሁ። ድሮ ቤታችን አዲስ ዕቃ ሲገባ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠው "ይሄ ዕቃ አይባልም" ብሎ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ይሄዳል።

"ባዶ ነው" አለ።

"ባዶ ነው አባዬ።"

"ማንም አልነካካውም?"

"እኔ ራሴ ነኝ የገጠምኩት።"

"እርግጠኛ ነሽ ይሰበራል?"

ድምፁ ቁጣ ያለበት ይመስላል። ዕድሜ ልኩን "እርግጠኛ ነህ አይሰበርም?" እያለ ሠራተኛ ሲያስለቅስ የነበረበት ድምፅ ነው።

"ይሰበራል" አልኩት። "ቃሌ ነው።"

አብራሪው ከፊት ዞሮ ሞተር ሊያስነሳ መሆኑን ነገረን። ሚጢጢ የአባታችንን ትከሻ ነካ አደረገችና "በል ውረድ አባዬ፣ ልንሄድ ነው" አለችው።

"አንዴ ብቻ" አለና ተመልሶ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የባዶውን ድምፅ እንደገና አዳመጠ።